በታኅሣሥ ወደ ባሌ ተራሮች፦ ሳኔቲን በኖሃ፣ ከጾመኛ እናትና ከውጭ ከሚመጡ እንግዶች ጋር

ኮተቤ_02 · ኅዳር 18፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር (9 እና 13 ዓመት) ለገና ከቨርጂኒያ ትመጣለች፤ ታኅሣሥ 12 አዲስ አበባ ይገባሉ። ገናን እቤት ነው የምናሳልፈው። ከዚያ በፊት አምስት ቀን ወስደን ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ብናይ ብዬ አስቤያለሁ፤ መፀው ሊያልቅ ሲል፣ ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ጠርቶ፣ አዝመራውም ገና ሳይነሳ። እናታችንም አብራን ትሄዳለች። 66 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ጾመ ነቢያትን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች።

መኪናችን ኖሃ ነው፤ ቤንዚን፣ 2000 ሲሲ፣ ፎር ዊል አይደለም። ስድስት ሰው ከነሻንጣው ይጭናል።

ከ13 እስከ 27 ካሉት ቀናት የትኞቹ ይሻላሉ? በአሰላ ልሂድ ወይስ በሻሸመኔ? ይህ መኪና የፓርኩን ከፍተኛ አምባ ሳኔቲን ይወጣል? ከፍታው ለእናቴ አያሰጋም? ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ካላደርን እያሉ ነው፤ በታኅሣሥ ብርድ ይቻላል? ለጾመኛስ ምን ይያዛል? ቦታው ቆንጆ መሆኑን አውቃለሁ፤ የቸገረኝ ዝርዝሩ ነው።

የስንዴ_አገር · ኅዳር 18፣ ምሽት 3፡40

ከቀኑ ልጀምር። ከ17 እስከ 20 ያለውን ተዉት። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ቁልቢ የሚጓዘው ምእመን በአዳማ በኩል ያልፋል፣ ከንግሡ በኋላ ደግሞ በዚያው ይመለሳል። የክፍያ መንገዱም የአዳማ መውጫም በነዚያ ቀናት ይጨናነቃል። ከ26 በኋላ ደግሞ የገና በግና በሬ የጫነ መኪና ወደ ከተማ ይገባል፣ ለበዓል ወደ አገሩ የሚሄደው ሰው ይወጣል። ስለዚህ 21 ማለዳ ተነሱ፣ 25 ማታ እቤታችሁ ግቡ። 25 እንዲያውም የመፀው የመጨረሻዋ ቀን ናት፤ በማግስቱ በጋ ይገባል። ሌላም ጥቅም አለው፦ እንግዶቻችሁ እስከዚያ ድረስ ዘጠኝ ቀን አዲስ አበባ ላይ ይቆያሉ፤ ስለ ከፍታ የሚያውቁ ሰዎች ለምን እንደሚጠቅም ይንገሯችሁ።

ስትሄዱ በአሰላ፣ ስትመለሱ በሻሸመኔ። አዳማ ድረስ የክፍያ መንገዱ 85 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ ከአዳማ አሰላ 75 ያህል። ከዚያ በበቆጂ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ዲንሾ ነው፤ ጠቅላላው 400 ኪ.ሜ. አካባቢ። ቁርስና ምሳ ጨምራችሁ ዘጠኝ ሰዓት ያዙለት። ከአሰላ በኋላ በግራ የጪላሎን ተራራ፣ ከበቆጂ ወዲያ የካካን ተራራ እያያችሁ ነው የምትሄዱት፤ በዚህ ወር ሜዳው ግማሹ ወርቅማ ስንዴ፣ ግማሹ የታጨደ ማሳ ነው። እኔ ብሆን የጉዞውን ግማሽ ደስታ እዚህ ላይ ነው የምቆጥረው፤ ልጆቹን እንዳታስተኟቸው።

በዚህ ወቅት መንገዱ ላይ የሚያስቸግረውም ይኸው አዝመራ ነው። በአርሲም በባሌም የመኸሩ እህል የሚነሳው ከኅዳር እስከ ጥር ስለሆነ ኮምባይነሮች ከማሳ ማሳ በአስፋልቱ ይጓዛሉ። መንገዱን ከግማሽ በላይ ይይዛሉ፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ኩርባ ላይ ድንገት ይገጥሟችኋል። እህልና ጭድ የጫነው ጋሪ ደግሞ መብራት የለውም። ፀሐይ ከምሽቱ 12፡10 አካባቢ ትገባለች፤ ከ11፡30 በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። ለዚህ ከአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መውጣት ግድ ነው።

ነዳጅ፦ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ባገኛችሁበት ሙሉ። ሮቤ ወይም ጎባ ሳትሞሉ ወደ ሳኔቲ አትውጡ። ከጎባ በሳኔቲ በኩል እስከ ደሎ መና ከተማ 110 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፣ በመሃል ማደያ አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀድማችሁም ዲንሾ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ ስለ መንገዱም ስለ አካባቢው ሁኔታም የዚያን ሳምንት መረጃ ያላቸው እነሱ ናቸው።

መክፈቻ_13 · ኅዳር 18፣ ምሽት 4፡05

ስለ መኪናው። ዲንሾ፣ ሮቤና ጎባ ድረስ ምንም ችግር የለበትም። ሳኔቲ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የሳኔቲ አምባ ከ4,000 በላይ። ያን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት፣ በጠጠር መንገድ ነው የምትወጡት። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 62 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበት ያጣል ብላችሁ አስሉ። ስድስት ሰውና ሻንጣ የጫነ ኖሃ እዚያ ሲደርስ እንደ ትንሽ መኪና ነው የሚሆነው። በደረቅ ወቅት ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ሻንጣውን ጎባ አራግፉ፣ ኤሲ አጥፉ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ዳገት መሃል አትቁሙ። አውቶማቲክ ከሆነ በዲ ብቻ አትልቀቁት፤ ማርሽ እየቀያየረ የካምቢዮውን ዘይት ያግላል። ከሳኔቲ ማዶ ወደ ሀረና ደን በሚወርደው ቁልቁለት ግን በኖሃ አትግቡ። ሆዱ ለመሬት ቅርብ ነው፣ መታጠፊያዎቹ የሾሉ ናቸው፣ መመለሻው ዳገት ነው። ለዚያች አንዲት ቀን ጎባ ወይም ሮቤ ላይ ላንድ ክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራዩ። ለስድስት ሰው ሲካፈል አንድ የተሰነጠቀ ካርተር (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ከማስበየድ ይረክሳል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ ራዲያተር ውስጥ ያለው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ መኪና በቧንቧ ውሃ ነው የሚሄደው፤ ሙቀት እንጂ ብርድ ስለማያሰጋን። በታኅሣሥ ሌሊት በዚያ ከፍታ መኪና ውጭ ካደረ ውሃው በረዶ ይሆናል። ውሃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ራዲያተሩን፣ ከባሰም ሞተር ብሎኩን ይሰነጥቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመነሳታችሁ በፊት ውሃውን ሙሉ በሙሉ አስፈስሱ፣ አንቲፍሪዝና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርጋችሁ ሙሉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ቴርሞስታቱ ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ጠብቁ፣ የጎደለውን ጨምሩ። ባለው ውሃ ላይ አንድ ጣሳ ከላይ መጨመር አንቲፍሪዝ ማድረግ አይደለም፤ መጠኑ ሲያንስ አይከላከልም። የመስታወት ማጠቢያውንም ውሃ ቀንሱት።

ባትሪው ሦስት ዓመት ካለፈው አስለኩት፤ ብርድ ደካማ ባትሪን ነው ቀድሞ የሚጥለው። ማታ ስታቆሙ አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዙሩት፣ የጠዋት ፀሐይ ቶሎ ያሞቀዋል። ጎማ አታስተንፍሱ። ጠጠር ላይ ይለሰልሳል ብለው አየር የሚቀንሱ አሉ፤ ከዚያ ሳይሞሉ አስፋልት ላይ 90 ይነዳሉ፣ ጎማው ጎኑ ይግልና ይፈነዳል። ሁለት መለዋወጫ ጎማ ብትይዙ ጥሩ ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ አየሩን ከመነሳታችሁ በፊት አዩት።

ቀስ_በቀስ · ኅዳር 19፣ ጠዋት 1፡20

ከፍታውን በተመለከተ። አስተያየቴ ከሐኪም ምርመራ አይተካም፤ በተለይ ለእናታችሁ።

አዲስ አበባ ራሱ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚህ የሚኖር ሰው ግማሹን መንገድ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ችግሩ ያለው ከቨርጂኒያ በሚመጡት ላይ ነው፤ እነሱ ከባሕር ጠለል አጠገብ ናቸው። ለዚህ ነው ከላይ 21 ተነሱ የተባለው ትልቅ ነገር የሆነው። ዘጠኝ ቀን አዲስ አበባ ላይ መቆየታቸው ከማንኛውም ክኒን ይሻላል። በ13 ብትሄዱ ኖሮ ባረፉ በሁለት ቀን ውስጥ 4,000 ላይ ይገኙ ነበር።

መርሁ አንድ ነው፦ ከፍ ብላችሁ እዩ፣ ዝቅ ብላችሁ እደሩ። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ ይመጣል፣ እንቅልፍ ላይ ይብሳል። ሳኔቲን ቀን አቋርጦ ማታ ጎባ መተኛትና ሳኔቲ ላይ መተኛት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሮቤ እደሩ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። በማግስቱ ዲንሾ 3,100 ላይ ዋሉ። ሳኔቲ በሦስተኛው ቀን ይሁን።

ምልክቱ ራስ ምታት ሆኖ ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ምግብ ከመጥላት ጋር ይመጣል። ልጆች ራሴን አመመኝ ላይሉ ይችላሉ፤ ዝም ካሉ፣ ከተነጫነጩ፣ የሚወዱትን ምግብ እምቢ ካሉ ተጠራጠሩ። ቀላል ከሆነ እረፍት፣ ውሃ፣ ፓራሲታሞል፤ በዚያን ቀን ግን ከዚያ በላይ አትውጡ። ተረከዝን ከጣት እያስነኩ በቀጥታ መስመር ሲሄዱ የሚንገዳገድ፣ ቁጭ ብሎ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እርጥብ ሳል የሚያስለው ወይም ግራ የሚጋባ ሰው ካለ ግን አይጠበቅም፦ በዚያው ሰዓት ቢያንስ 1,000 ሜትር አውርዱት፣ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ውሰዱት። ይነጋል ብሎ ማቆየት ነው ሰው የሚገድለው። ነጭ ሽንኩርት ይከላከላል የሚባለው ማስረጃ የለውም፤ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ደግሞ ሌሊት ትንፋሽን ስለሚያደክሙ ይባስ ያመጣሉ።

እናታችሁ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ይዩ። ሦስት ጥያቄ ይዘው ይግቡ፦ ግፊቱ አሁን በመድኃኒቱ ተስተካክሏል ወይ? ከሚወስዱት ውስጥ ሽንት የሚያበዛ አለ ወይ? ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ ሳይጠጡ ከፍታ ላይ መዋል ይችላሉ ወይ? ሦስተኛው ነው ዋናው። ደረቅ አየርና ፈጣን ትንፋሽ ብዙ ውሃ ያስወጣሉ፤ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ሲጨመርበት ግፊት በድንገት ሊወርድ፣ ሰው ሊወድቅ ይችላል። መልሱን ይዘው ለንስሐ አባታቸው ቀድመው ይንገሩ፤ ለመንገደኛና ለሕመምተኛ የሚፈቀደውን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ተራራ ላይ ከደረሱ በኋላ እኛ ብንለምናቸው አይሰሙንም። ዳያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላማይድም ያለ ሐኪም አይወሰድ፤ የሰልፋ አለርጂ ያለበትን ይጎዳል፣ ሽንትም ያበዛል።

ኮተቤ_02 · ኅዳር 19፣ ቀን 6፡50

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቲፍሪዙን ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ቀኑን 21 አድርጌዋለሁ። እናቴ የሳኔቲን ቀን ጎባ ብታርፍም ደስ ይላታል። አንድ ጓደኛ ግን ሳኔቲ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ብታድሩ ጠዋት ቀይ ቀበሮዎቹን ከደጃችሁ ታያላችሁ ይላል፤ ልጆቹ ይህን ሰምተው አላስቀምጥ ብለዋል።

የአስታ_ጥላ · ኅዳር 19፣ ምሽት 1፡30

ቀይ ቀበሮን ለማየት ሳኔቲ ላይ ማደር አያስፈልግም። እንደ ሌሎቹ የሌሊት አዳኝ አይደለም፤ ቀን ነው የሚያድነው። ዋና ምግቡ ትልቁ ፍልፈልና የሜዳ አይጦች ናቸው፤ ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ የሚለው ፀሐይ መሬቱን ሲያሞቀው ነው። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በረዶ በሸፈነው ሣር መሃል ብርድ ከመቀበል ይልቅ ከጎባ 12፡30 ተነስታችሁ አምባው ላይ 2 ሰዓት ብትደርሱ፣ ከ2 እስከ 5 ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ከሰዓት ደግሞ ከ9 እስከ 11።

እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አጠገቡ አልፎ ይሄዳል። በ20 ኪ.ሜ. ፍጥነት ንዱ፣ በየግማሽ ኪሎ ሜትሩ ሞተሩን አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ልጆቹን የግራና የቀኝ መስኮት ተራ ስጧቸው። ቀበሮውን ሳይሆን ፍልፈሉን ፈልጉ፦ ትኩስ አፈር የተቆለለበት፣ ሣሩ በክብ የተጋጠበት ቦታ። እዚያ ዙሪያ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሩን እያነሳ በቀስታ የሚራመድ ቀይ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ሱፉ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ እግሩ ረጅምና ቀጭን፣ ጅራቱ ከመሃሉ ወዲያ ጥቁር ነው። ግራጫ የሚመስል፣ ዝቅ ያለ ሌላ እንስሳ በዲንሾ አካባቢ ካያችሁ ተራው ቀበሮ ነው፤ ፎቶ አንስተው በስህተት የሚለጥፉ ብዙዎች ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚወልዱበት ወቅት ስለሆነ ግልገሎች ከጉድጓድ ደጅ ላይ ሊታዩ ይችላሉ። ከመኪናው አትውረዱ፣ ከመንገዱ አትውጡ፣ ምግብ አትወርውሩ። እናት ከተረበሸች ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ሌላ ጉድጓድ ትፈልጋለች፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ይሞታሉ። ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይታሰብም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተላልፎ መንጋ በመንጋ የጨረሰባቸው ጊዜ አለ።

የጓደኛችሁን ሐሳብ ወደ ዲንሾ አዙሩት። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ጽድና ኮሶ ባለበት ኮረብታ ላይ ነው፣ ድንኳን መትከያም ማረፊያ ቤትም አለው። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮ በእግር ጉዞ ርቀት ይታያሉ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም፤ ወንዱ ቀንዱ ጠምዛዛ ነው፣ ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ልጆቹ ለምን እንደመጡ ይገባቸዋል። ከዲንሾ ወደ አዳባ በኩል ያለው የጋይሳይ ሜዳ ደግሞ መንገዱ በመሃሉ ስለሚያልፍ 21 ከሰዓት ስትመጡ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ በዚያ ሰዓት አጋዘኖቹ ለግጦሽ ሜዳው ላይ ይወጣሉ።

በር ላይ ከፍላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ፣ በሌላው የፓርኩ ክፍልም ይጠየቃል። ዋጋው ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ ይለያያል፤ የእህታችሁ ቤተሰብ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ ካላቸው ይዘው ይምጡና ሒሳብ ከመሠራቱ በፊት ያሳዩ። አስጎብኚ ከአካባቢው ማኅበር ትወስዳላችሁ፣ ፈረስም እዚያው ይከራያል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጡ።

ሳኔቲ ላይ ስላለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ፦ የክፍያ መንገዱ የሚጀምርበት የአዲስ አበባው አይደለም፤ ስሙ ያው ነው፣ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። 4,377 ሜትር ነው፣ እስከ አናቱ መኪና ይወጣል። በየማስታወቂያው የኢትዮጵያ ሁለተኛው ከፍተኛ ተራራ ተብሎ ይጻፋል፤ ልክ አይደለም፣ ሰሜን ተራሮች ውስጥ ቧሂት ብቻ እንኳ ይበልጠዋል። ከልጆች ጋር ስትሆኑ ጊዜያችሁን ለእሱ አታባክኑ። አናቱ ላይ ነፋስና የመገናኛ ማማ ነው ያለው፤ ሕይወቱ ያለው ታች ሜዳው ላይ ነው፣ ጅብራ የሚባለው ተክል ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ኩሬዎቹ ዙሪያ ዝይዎች።

ከ5 ሰዓት በኋላ በተከራያችሁት መኪና ወደ ሀረና ውረዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከበረዶ አገር ወደ አስታ ጫካ፣ ከአስታ ወደ ሽበት ያንጠለጠለ ትልልቅ ዛፍ ትገባላችሁ፤ ሪራ መንደር 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው እዚያ ሲደርስ ይቀልለዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የጫካው ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ቀይ ፍሬው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ለቤት የሚሆን ሁለት ሦስት ኪሎ ግዙ፣ ከዚያ አትለፉ፤ ብዙ ቡና ጭኖ መውጣት ኬላ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ስትገዙ ጀንፈሉን (ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና) እፍኝ ይዛችሁ አንቀጥቅጡት፦ ፍሬው ውስጡ ከተንኳኳ ደርቋል፣ ዝም ካለ ገና እርጥብ ነውና ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ከሪራ ከ8፡30 በፊት ተነሱ። ከሰዓት በኋላ ከደኑ ወደ ላይ የሚወጣው ጉም መታጠፊያዎቹን ይሸፍናቸዋል።

ድርቆሽ · ኅዳር 19፣ ምሽት 3፡10

የምግቡንና የድንኳኑን እኔ ልያዘው።

4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይፈላል፣ ግን አያበስልም። ምስር ክክ ከሁለት እጥፍ በላይ ጊዜ ይፈጃል፣ ሽምብራ ጭራሽ አይበስልም፣ ጋዙ ያልቃል። ስለዚህ የጾም ምግባችሁ እዚያ ላይ መብሰል የማያስፈልገው ይሁን። ለዚህ ደግሞ ከእኛው ድርቆሽ የሚበልጥ የለም።

ከ10 እንጀራ አንድ ኪሎ ገደማ ድርቆሽ ይወጣል። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ 100 ግራም በቂ ነው፤ ለስድስት ሰው ሦስት ጊዜ ብትሠሩ ሁለት ኪሎ ያዙ። እንጀራውን ቆራርሳችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ስጡት፣ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። በእጅ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት፤ ከታጠፈ ገና ነው፣ ተዘግቶ ሲቀመጥ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ቁሌቱን እቤት ጨርሱት፦ አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት እስኪጠወልግ፣ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። ውሃው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ አቁላሉት፤ ውሃ የቀረበት ቁሌት ነው መንገድ ላይ የሚኮመጥጠው። ቦታው ላይ ለ600 ግራም ድርቆሽ አንድ ሊትር ከሩብ ውሃ ከቁሌቱ ጋር አፍሉ፣ ድርቆሹን ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ከእሳት አውርዱ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፍርፍር ነው።

ለመኪና ውስጥ በሶ ሁለት ኪሎ፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ፣ ከስኳር ይልቅ በጨውና በሚጥሚጣ ቢሆን እዚያ ከፍታ ላይ ይበልጥ ይወደዳል። ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር። ለማይጾሙት ልጆች የአርሲና የባሌ ጭኮ መንገድ ላይ ከተገኘ ግዙ፤ ቅቤ ስላለው ከእናታችሁ ዕቃ ጋር አትቀላቅሉት፣ ማንኪያውንም ለዩ። ሮቤና ጎባ ውስጥ ሽሮ አይጠፋም፣ ግን ወጥ ቤቱ በብዛት የሚሠራው የፍስክ ስለሆነ ቅቤ እንዳይነካው ስታዙ አስረግጣችሁ ተናገሩ። የታሸገ ችፕስ፣ ካቻፕ፣ የክሬም ቱቦ ላይ ሲወጣ ይነፋል፤ ከልብስ ጋር አታድርጉት። የምንጭ ውሃ ከሆነ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ድንኳን። ዲንሾ ላይ በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። የመኝታ ከረጢት ስትከራዩ ሁለት ቁጥር ተጽፎበታል፦ አንዱ ተመችቶ የሚተኙበት፣ ሌላው በሕይወት የሚያነጋው። የመጀመሪያውን እዩ፤ ከዜሮ በታች 5 የሚል ይሁን። ብዙ ሰው የሚበርደው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ስፖንጅ ደርቡ፣ በመሃሉ ብርድ ልብስ። ሲተኙ ደረቅ ካልሲና ደረቅ ከነቴራ ይቀይሩ፤ ቀን የለበሱት ላብ ይዟል። የፈላ ውሃ በደንብ በሚዘጋ ጠርሙስ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ይግባ። ስልካቸውም ከረጢት ውስጥ ይደር፣ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል። የድንኳኑ አየር ማስገቢያ ክፍት ይሁን፤ ሲዘጋ ትንፋሹ ጣሪያው ላይ ረግቶ ጠዋት ይዘንባል።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ከሰል ወደ ድንኳን አታስገቡ። ፍሙ ነጭ ቢሆንም፣ ጭስ ባይኖረውም፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ምልክቱም ራስ ምታትና ድብታ ስለሆነ ከፍታው ነው ተብሎ ይታለፋል። እንጨትም ከፓርኩ አትልቀሙ፣ ከከተማ ገዝታችሁ ያዙ።

ኮተቤ_02 · ኅዳር 20፣ ጠዋት 2፡30

እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ 21 በአሰላ ወደ ሮቤ። 22 ዲንሾ፤ ልጆቹና አባታቸው ድንኳን፣ እኛ ማረፊያ ቤት። 23 እናቴን ጎባ ትተን በኪራይ መኪና ሳኔቲና ሪራ፣ ማታ ጎባ። 24 ሶፍ ዑመር ዋሻ። 25 በሻሸመኔ መመለስ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፦ እናቴ ጋቢ ይበቃኛል፣ ጃኬት አልፈልግም ትላለች። ይበቃታል?

የአስታ_ጥላ · ኅዳር 20፣ ጠዋት 3፡00

24ን ክፍት ተዉት። 23 ላይ ጉም ከያዘ ወይም አንዱ ልጅ ካመመው ሳኔቲን የምትደግሙበት ሌላ ቀን የላችሁም። 23 ከሰመረ ብቻ ሶፍ ዑመር ሂዱ፤ ከሮቤ ከ100 ኪ.ሜ. በላይ ነው፣ ቆላ ስለሆነም ለዚያ ቀን ስስ ልብስ ያዙ። ዋሻው ውስጥ ወይብ ወንዝ ስላለ መሻገር መቻላችሁን እዚያው ካሉት አስጎብኚዎች ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ባትሪ ይኑር።

ድርቆሽ · ኅዳር 20፣ ጠዋት 3፡25

ጋቢው ለማረፊያ ቤትና ለመኪና ውስጥ በጣም ጥሩ ነው። ውጭ ግን ጥጥ ስለሆነ የጠዋቱን ጤዛ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ነፋሱንም አያስቆምም። ከሥር የሱፍ ሹራብ ያድርጉ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ጋቢውን ከሁሉም በላይ። ሰልባጅ ገበያ ላይ ስትገዙ መለያውን አንብቡ፤ ሱፍ ወይም ፖሊስተር የሚለውን ውሰዱ። ኮፍያና ጓንት ለስድስታችሁም፣ ለልጆቹ ጓንቱ ሁለት ሁለት ጥንድ ይሁን፤ አንዱ ይረጥባል። የፀሐይ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባትም እንዲሁ፤ ቫዝሊን ፀሐይን አይከላከልም፣ በ4,000 ሜትር ብርዱ ስላለ ቃጠሎው ማታ ነው የሚታወቀው።